የደጋው ብርድና የትንኟ አንጀት

የጎጃም ደገኛ ንዳድን ይፈራል። አባቶቻችን ቆላ ወርደው ጉዳያቸውን ከፈጸሙ በኋላ ሳይመሽ ወደ ደጋ መመለስን ይመርጡ ነበር። ምክንያቱን ለክፉ አየር ቢሰጡትም ጥንቃቄው ትክክል ነበር፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው ሌሊት ነውና። ዛሬም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የደጋ ወጣት ይኸው አደጋ ይጠብቀዋል። ይሁንና እርሱ ከመነደፉ አስቀድሞ በትንኟ አንጀት ውስጥ ትልቅ ትግል ተካሂዷል። የፊዚክስ መምህር ወደ ትንኝ ሆድ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ወደ ቴርሞሜትራችን እንመለሳለን።

በአንድ ፍጡር ሕዋሳት ውስጥ ያሉት ጂኖች ተመሳሳይ ቢሆኑም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነበቡም። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ብዙ መጻሕፍት ቢኖሩም የዕለቱን ንባብ የሚወስነው ግጻዌ እንደሆነ ሁሉ፣ ሕዋስም ለጊዜው የሚያስፈልገውን ጂን መርጦ አር ኤን ኤ ወደተባለ ቅጂ ይገለብጣል፤ በቅጂውም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ተመራማሪዎች ቅጂዎቹን በመቁጠር የትኛው ጂን እንደነቃ፣ የትኛው እንደተኛ ይለያሉ።

ትንኟ ደም ስትመጥ ደሙን የሚፈጩት ኢንዛይሞች ጂኖች ይነቃሉ። ደሙ የወባ በሽተኛ ከሆነ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። የወባው ተሕዋስ ወንዴና ሴቴ በአንጀቷ ውስጥ ይዋሐዳሉ፤ በአንድ ቀን ገደማም ከእነርሱ የተገኘው፣ ኡኪኔት የተባለው ተንቀሳቃሽ ተሕዋስ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ያልፋል። የተበሱት ሕዋሳት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመነጨውን ኢንዛይም ጂን አብዝተው ያነባሉ፤ በዚህም የሚጀመረው ኬሚካዊ ሂደት በወራሪው ላይ ምልክት ይተዋል። ከዚያ በትንኟ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ቴፕ 1 የተባለ ፕሮቲን ተጣብቆ ይገድለዋል። የሚተርፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ለእኛ ክፋቱ ጥቂቶቹም መብቃታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደተገለጸው፣ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ዝርያ ፒ ኤፍ ኤስ 47 በሚባል ጂኑ አማካይነት ከዚህ መከላከያ ሊሰወር ይችላል።

የተረፈው ተሕዋስ እስኪጎለምስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚወስነው ሙቀት ነው። ለፋልሲፓረም የሚሠራበት የቆየ ቀመር ቀላል ነው፦ ከአማካይ ሙቀቱ 16 ቀንሶ፣ በውጤቱ 111ን ማካፈል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ ደግሞ 55 ቀን ያህል ይወጣል። አብዛኞቹ ትንኞች አንድ ወር እንኳ አይኖሩም። በ16 ዲግሪ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል! ከ2,400 ሜትር በላይ የምትገኘውን ደብረ ማርቆስን የጠበቃት የዚህ ዜሮ ጎረቤት መሆኗ ነው እንጂ የደገኛ ደም የተለየ ኃይል ስላለው አይደለም፤ እንዲያውም ወባን ያልለመደ ሰውነት ይበልጥ ይጎዳል።

ይህ ጥበቃ ሲላላ ምን እንደሚከተል አገራችን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ሙቀቱ፣ ዝናቡና እርጥበቱ ከወትሮው በላይ በሆነበት ዓመት፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። በደብረ ዘይት አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል።

ሙቀት ሲጨምር የሚያጥረው የተሕዋሱ የዕድገት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የናይትሪክ ኦክሳይድ ኢንዛይም ጂን ንባብም ከሙቀት ጋር እንደሚለዋወጥ በላቦራቶሪ ትንኞች ታይቷል። የአገራችን ዋና የወባ አስተላላፊ በሆነችው በአኖፌለስ አራቢየንሲስ አንጀት፣ በ18 ዲግሪ የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚነበብ መለካት ለፊዚክስና ለባዮሎጂ ተማሪዎች ጥሩ የጋራ ሥራ ይሆን ነበር።