የሸክላ ከሰል ምድጃ፦ ስንገዛ ምን እንይ? ስንጠቀምስ ምን እንጠንቀቅ?

በዲላና በአጠቃላይ በጌዴኦ ዞን ቡና ለገበያ የሚቀርብ ምርት ብቻ አይደለም፤ የየዕለቱ የቤት ወግም ነው። ቡና ተቆልቶ ጀበና በሚጣድበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል የከሰል ምድጃ አለ። ዝናብ ሲጥል ምድጃው ከበረንዳ ወደ ቤት ይገባል። እንደ ቡሌ ባሉ ብርዳማ ደጋዎች ደግሞ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፍሙ ለቤት ማሞቂያ ይፈለጋል። በመሆኑም የምድጃ ምርጫና አጠቃቀም የወጪ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

በአገራችን በስፋት ከሚታወቁት የተሻሻሉ ምድጃዎች አንዱ «ላቀች» ነው። ይህ ምድጃ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የተተኮሰ ሸክላ ያለው ሲሆን በ1980ዎቹ ለገበያ እንደቀረበ ይታወቃል። የኬንያው የሸክላ ምድጃም በተመሳሳይ አሠራር የተሠራ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆይ ከተለመደው የብረት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰል ይቆጥባል፤ የውጭ አካሉም እንደ ብረቱ ቶሎ አያቃጥልም።

ይሁን እንጂ ከሰል መቆጠቡ መርዛማ ጋዝ አያወጣም ማለት አይደለም። ከሰል በየትኛውም ምድጃ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ አንጎልና ልብ ኦክስጅን እንዲያጡ ያደርጋል። ብዙዎች «ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ብለው ያምናሉ፤ ይህ ስህተት ነው። የቀላ ፍምም፣ አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ያወጣል። የሸክላ ምድጃ ፍሙን ለረጅም ሰዓት ስለሚያቆይ ደግሞ «አሁንስ ጠፍቷል» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ሲገዙ

ምድጃውን በብርሃን ላይ አንስተው የውስጡን ሸክላ ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ወይም የተሸረፈ መሆን የለበትም። በጣት ጀርባ ቀስ ብለው ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ የተተኮሰ መሆኑን ያመለክታል። ሸክላውና ቆርቆሮው ሳይላቀቁ የተያያዙ፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ያልተደፈኑ፣ የታችኛው በር በቀላሉ የሚከፈትና የሚዘጋ ሊሆን ይገባል። በተስተካከለ ወለል ላይ አስቀምጠው ጀበና ወይም ድስት ይጣዱበት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አይግዙት። በቤት ውስጥ ሕፃናትን ለቃጠሎ ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ የተገለበጠ ጀበና ወይም ድስት ነው።

አብረው ሊኖሩ የሚገቡ ዕቃዎች

ፍም ለማንሳት ረጅም ጉጠት፣ በአፍ ከመንፋት የሚያድን ማራገቢያ፣ ትኩስ ዕቃ ለመያዝ ወፍራም ጨርቅ፣ እንዲሁም ፍምና አመድ የሚገባበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ያስፈልጋሉ። ፍሙን በውኃ ማጥፋት የጋለውን ሸክላ ስለሚሰነጥቀው፣ በጉጠት አንስቶ በዚህ ዕቃ ውስጥ ከድኖ ደጅ ማቆየት ይሻላል። ከሰሉም ለሌላ ጊዜ ይተርፋል።

ሲጠቀሙ

ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥሉ። ለማቀጣጠያ ደረቅ ስንጥር እንጨት ይጠቀሙ እንጂ ፌስታል፣ ጎማ ወይም ነጭ ጋዝ አይጠቀሙ፤ የፌስታልና የጎማ ጭስ ለመተንፈሻ አካላት ጎጂ ነው፤ ነጭ ጋዝም ድንገተኛ ቃጠሎ ያስከትላል። ቡና በቤት ውስጥ የሚፈላ ከሆነ በርና መስኮት ከፍቶ አየር እንዲተላለፍ ማድረግ ይገባል። በዝናብ ወቅት ከተዘጋ ክፍል ይልቅ ጣሪያ ያለው ክፍት በረንዳ ይመረጣል። ከሰል ላይ ጨው መነስነስም ሆነ በክፍሉ ውስጥ ውኃ ማስቀመጥ ጋዙን አያስወግድም።

በምንም ምክንያት ፍም ያለበትን ምድጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል አያሳድሩ። ይህ በተለይ ለአራስ ቤት ይሠራል፤ እናትየውን ከብርድ ለመከላከል በተዘጋ ክፍል የሚቀመጥ ፍም እናትንም ሕፃንንም ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ሙቀት ለማግኘት ብርድ ልብስና ወፍራም ልብስ መደረብ ይመረጣል።

ምልክቶቹና የመጀመሪያ እርዳታው

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና ግራ መጋባት ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ፤ ሊረዱ የሚገቡትም ክፍሉ ውስጥ አይቆዩ። ወተት ወይም ሎሚ መስጠት መድኃኒት አይደለም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ማናቸውንም ነገር በአፍ መስጠት ሊያንቀው ይችላል። ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ተኝቶ ኦክስጅን ወደሚገኝበት የጤና ተቋም በፍጥነት መድረስ አለበት። ሕመሙ ቀለል ያለ ቢመስልም ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን በሐኪም ሊታዩ ይገባል። ለጤና ባለሙያውም ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ እንደነበር መንገር አይዘንጉ፤ ምልክቶቹ ከሌላ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰሉ ይህ መረጃ ሕክምናውን ያፋጥናል።