የዓባይ ሸለቆ በእግር፦ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም

ጂኦግራፊ ስንማር ርቀትን አብዛኛውን ጊዜ የምንለካው በካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠን ነው። በመኪና ለሚሄድ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም። በእግሩ ለሚሄድ ግን፣ በተለይ እንደ ዓባይ ባለ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ማስመሪያው የሚነግረን ግማሹን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የአንድ ቀን ጉዞን ምሳሌ አድርጎ ምክንያቱን ለማስረዳት ይሞክራል።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ ደብረ ማርቆስ በእግር ተጉዘን ነበር። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። እዚህ የማወራው ቁልቁለቱን ስለወረድንበት ቀን ነው።

ጎሐ ጽዮን ላይ ያደርንበት ቤት አባወራ “ፀሐይ ሳትቀድማችሁ ውረዱ” ብለው ሌሊት 11 ሰዓት ቀሰቀሱን። ነገሩ ወዲህ ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከእሷ 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በአማካይ 100 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በ0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ስለዚህ ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን ታች 29 ይደርሳል ማለት ነው። አረፋፍዶ የተነሳ ሰው ሸለቆው ግርጌ የሚደርሰው ልክ በቀትር፣ ያውም ውኃውን ጨርሶ ነው። እኛ በጋቢ ተጠቅልለን ጀመርን፤ ፍልቅልቅን ስናልፍ ጋቢው ሸክም ሆነብን።

አካባቢው ከእግራችን ጋር አብሮ ይለወጣል። ላይ የጤፍ ገለባ ተከምሮ ነበር፤ ታች የማሽላ አገዳና ግራር ተቀበለን። ድንጋዩም እንደዚያው ነው። አናቱ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ጥቁር ባዛልት አለ። ከሥሩ ባሕር በነበረበት ዘመን የተከማቸው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጅብሰም፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ክፍል ውስጥ በሥዕል ያየነውን በአንድ ጠዋት በእግራችን ወረድነው።

ታዲያ ቁልቁለት ቀላል ነው ያለው ማን ነው? ዳገት ላይ የሚደክመው ትንፋሽ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት በየእርምጃው መግታት አለበት፤ ጉልበትም ይመታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ አጠገብ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ስንደርስ ትንፋሻችን ደህና ነበር፤ እግራችን ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የቀረውን ቀን ጥላ ሥር አሳለፍነው። ዳገቱን ለማግሥቱ ንጋት አቆየነው።

ዳገቱን በስሌት ማየት ይቻላል። ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ይታሰባል፤ በተጨማሪም ለየ600 ሜትሩ ከፍታ ሌላ 1 ሰዓት ይደመራል። ስለዚህ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው 20 ኪሎ ሜትር በሜዳ ቢሆን 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ የ1,400 ሜትሩ ከፍታ ሲደመር 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ያለ እረፍትና ያለ ሙቀት ነው።

ይህ ጉዳይ የተጓዥ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ቆላው ውስጥ የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያዋ ደጋው ላይ ነው እንበል። ካርታው “5 ኪሎ ሜትር” ይላል፤ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። መንገዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ ከሆነ ግን በዚያው ቀመር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ እሱም ጤነኛና ሸክም የሌለው ሰው ሲሄደው ነው። በቃሬዛ ሲሆን ስንት ሊሆን እንደሚችል ራሳችሁ ገምቱት። ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ የውኃ ቦታም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችን “አገልግሎቱ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?” የሚል መጠይቅ ይዘን ስንወጣ፣ ከጎኑ ሁለት ጥያቄዎች ብንጨምር ጥሩ ነው፦ ስንት ሜትር ሽቅብ ነው? በስንት ሰዓትስ ይደረሳል? የሸለቆው ሰው መንገድን የሚቆጥረው ድሮም በዚህ ነው።