ካውንስልን የሚጠይቅ እንባ ጠባቂ

እንግሊዝ አገር ለሚኖር ሰው መንግሥት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ካውንስል ነው። የቤት ተራ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምደባ፣ የአረጋዊ እናት የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ የቆሻሻ መኪናው፣ የካውንስል ታክሱ፣ ሁሉም በዚህ የአካባቢ ምክር ቤት እጅ ነው። ካውንስሉ ሲበድል፣ ወይም ማመልከቻ ተቀብሎ ወራት ሲያስቆጥር፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ያለ ክፍያ አቤት የሚልበት ደጅ አለ፤ የአካባቢ አስተዳደርና የማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ይባላል። ለለንደን ሐበሻም እንደማንኛውም ነዋሪ ክፍት ነው።

ተቋሙ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ተበዳዩ በቀጥታ ወደ እንባ ጠባቂው መሄድ አይችልም ነበር። አቤቱታው በምክር ቤቱ አባል በኩል ማለፍ ነበረበት። የሚከሰሰው ቤት የራሱን ደጅ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ይህ የተነሣው በ1988 ነው፤ በእኔ እይታ በተቋሙ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የለም።

እንባ ጠባቂው የሚጠይቀው ካውንስሉ ምን ወሰነ ብሎ ሳይሆን እንዴት ወሰነ ብሎ ነው። ሥርዓቱን ጠብቆ የተሰጠ ውሳኔ፣ መራራ ቢሆንም፣ እንዲነካው ሕጉ አይፈቅድለትም። ብዙ አቤት ባዮች የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነውና ጉዳዩን በምሳሌ ልየው። ጎረቤት ቤቱ ላይ ፎቅ ልጨምር ብሎ ካውንስሉ ፈቀደለት እንበል። ቢከለከል ኖሮ ይግባኝ የሚልበት ሌላ አካል ነበረው፤ ጥላ የሚያርፍበት የጎን ነዋሪ ግን ይግባኝ የለውም። ስለዚህ ወደ እንባ ጠባቂው ይሄዳል። እንባ ጠባቂው ፈቃዱን አይሰርዝም፤ ፎቁም አይፈርስም። የሚመረምረው ሌላ ነው። ጎረቤቶች ማስታወቂያ ደርሷቸዋል? ተቃውሟቸው ተነቧል? ባለሙያው ለኮሚቴው ባቀረበው ሪፖርት ወደ ሰው መኝታ ቤት የሚያየውን መስኮት ጠቅሷል? ካልጠቀሰ የአስተዳደር በደል ተፈጽሟል። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ጥፋቱ ባይፈጸም ኖሮ ውሳኔው ይለወጥ ነበር? አይለወጥም ከተባለ፣ ጥፋት መኖሩ ታምኖም ካሳው ትንሽ ይሆናል። ለተበዳይ ይህ የሚያስቆጣ መልስ ነው፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሕዝብ የመረጠውን ምክር ቤት ሥልጣን ያልተመረጠ መርማሪ መውሰድ የለበትም። የእኛም አገር የእንባ ጠባቂ ተቋም የቆመበት አዋጅ ቁጥር 211/1992 በምርጫ የተቋቋሙ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የሚሰጡትን ውሳኔ ከምርመራ ውጪ አድርጓል።

መንገዱ ቅደም ተከተል አለው። አቤቱታ መጀመሪያ ለራሱ ለካውንስሉ ይቀርባል፤ እስከ መጨረሻው ደረጃ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ሊያገኝ ይገባል። ሦስት ወር ያህል ዝም ካለ ግን እንባ ጠባቂው በሩን ይከፍታል። ነዋሪው ችግሩን ካወቀ 12 ወር ካለፈው አቤቱታው በአብዛኛው ተቀባይነት አያገኝም። በቂ ምክንያት ላለው ይህ ሊታለፍለት ይችላል። ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ይግባኝ ሰሚ ያለው ጉዳይ፣ ለምሳሌ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ይመለሳል። የካውንስሉ ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ያለው ክርክርም እዚህ አይታይም።

መርማሪው ሥራውን የሚሠራው በአብዛኛው በወረቀት ላይ ነው። የስልክ ማስታወሻ፣ ኢሜይል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስመጣል። ሰነድና ምስክር በማስቀረብ ረገድ ሥልጣኑ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ጋር እኩል ነው፤ ካውንስል «ምስጢር ነው» ብሎ ፋይሉን ሊቆልፍበት አይችልም። ከዚያ የውሳኔውን ረቂቅ ለሁለቱም ወገን ይልካል። አቤት ባዩ ከመጨረሻው ቃል በፊት «ይህ ተሳስቷል፤ ይህ ቀርቷል» ለማለት ዕድል አለው። የተቀበላችሁትን ደብዳቤ አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው። ቀኑ የተጻፈበት ማስታወሻ ከረጅም ብሶት ይልቅ ይረዳል።

ፍርዱ ምን ይመስላል? ሕጉ ልጆች ያሏቸው ወይም እርጉዝ ያለችባቸው ቤት አልባ ቤተሰቦች በጊዜያዊ ማረፊያ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ከማያውቁት ሰው ጋር በሚጋሩበት አልጋ ቤት፣ ከስድስት ሳምንት በላይ እንዲቀመጡ አይፈቅድም። ካውንስሎች ይህን ሲጥሱ እንባ ጠባቂው በተደጋጋሚ አግኝቷቸዋል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ከገደቡ ላለፈው ጊዜ ገንዘብ እንዲከፍሉ፣ ለቤተሰቡ ተገቢ ቤት እንዲፈልጉ ይጠይቃል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ዓላማውም መቅጣት ሳይሆን ሰውየውን ጥፋቱ ባይደርስ ኖሮ ወደሚሆንበት ቦታ በተቻለ መጠን መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ምክረ ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ካውንስሉ እምቢ ሊል ይችላል። ታዲያ ለምን አብዛኛውን ጊዜ ይፈጽማሉ? ምክንያቱ ይፋ መውጣቱ ይመስለኛል። ውሳኔዎቹ የካውንስሉ ስም ተጠቅሶ፣ የአቤት ባዩ ስም ተሰውሮ ይታተማሉ። ከባድ ጉዳይ ሲሆን በይፋ ሪፖርት ይወጣል፤ ካውንስሉም ሪፖርቱ መውጣቱን በጋዜጣ ማስነገር፣ ጉዳዩን ለምክር ቤቱ ማቅረብና በሦስት ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አሁንም አልፈጽምም ካለ ሁለተኛ ሪፖርት ይከተላል፤ በመጨረሻም ለምን እንዳልፈጸመ የሚገልጽ መግለጫ በራሱ ወጪ በአካባቢው ጋዜጣ እንዲያወጣ ይገደዳል። በየአራት ዓመቱ ከመራጭ ፊት ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ሌላ ሥልጣኑን ነው። መርማሪው የአንዷን እናት ፋይል ሲያገላብጥ ሌሎችም በዚያው ጥፋት እንደተጎዱ ካየ፣ አቤት ያላሉትን ሰዎች ጉዳይ ጭምር የመመርመር መብት አለው። ካውንስሉ በዚያ ዓመት አልጋ ቤት ያስቀመጣቸውን ቤተሰቦች ሁሉ መዝገብ መልሶ እንዲያይ ሊጠይቀው ይችላል። እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው፣ ፎርም የሚያስፈራቸው፣ ነገሩን ለእግዜር ሰጥተው የተቀመጡ ሰዎችም በአንዷ ሴት ደብዳቤ ሳቢያ ከካውንስሉ ካሳ ሊደርሳቸው ይችላል።