ብሮውዘሩ ጳጉሜን ያውቃል

ድረ-ገጽ ላይ «የትውልድ ቀን» የሚለውን ሳጥን ስንነካ ብሮውዘሩ የሚዘረጋልን ቀን መምረጫ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጆቹ ነው። የሚገርመው የእኛንም ያውቃል፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የፈረንጅ ቀን ሲሰጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመልሳል። የጎደለው ጣት የሚያርፍበት ሠንጠረዥ ነው፤ እሱን መሥራት የፕሮግራመሩ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል።

በምን ይሥራው? የአንዱ መሥሪያ ቤት ገጽ በሪአክት፣ የሌላው በአንጉላር፣ የሦስተኛው በቆየ ፒኤችፒ ተሠርቶ ይሆናል። በሪአክት የተጻፈ መምረጫ ሌላ ቤት ሲገባ ባይተዋር ነው። ዌብ ኮምፖነንት ግን ብሮውዘሩ እንደ ራሱ የሚቀበለው አዲስ የኤችቲኤምኤል ታግ ስለሆነ ሁሉም ጋ ይሠራል። (የታጉ ስም በላቲን ትንሽ ፊደል መጀመርና መሐሉ ላይ ጭረት መያዝ አለበት፤ ሌላው በፊደላችን ቢጻፍ ደንቡ አይከለክልም።)

ያለ ምንም ላይብረሪ መጻፍ ይቻላል፤ በየጠቅታው የሚለዋወጥ ባለ 13 ወር ሠንጠረዥ ግን እንዲያ ሲጻፍ ያሰለቻል። ድካሙን ከሚያቀሉት መሣሪያዎች አንዱ፣ ከጉግል የወጣው ላይብረሪ ሊት፣ 5 ኪሎባይት ገደማ ሆኖ ከገጹ የተለወጠውን ብቻ ያድሳል። የአዮኒክ ስቴንስል ኮምፓይለር ነው፤ ለሪአክት፣ ለአንጉላርና ለቪው የሚስማማ መጠቅለያም ያዘጋጃል። ብዙ ገጽ ላለው ትልቅ ድርጅት ስቴንስል ያዋጣል፤ ለአንድ ቀን መምረጫ እኔ ሊትን እመርጣለሁ።

ምርጫዬ በመጠኑ ብቻ አይደለም። ሊትን የሠሩት ሰዎች ቀደም ሲል ፖሊመርን ሠርተው ነበር። ፖሊመር ኤችቲኤምኤል ኢምፖርት በተባለ ዘዴ ላይ ተደግፎ ቆየ፤ ሌሎች ብሮውዘሮች አልቀበልም አሉ፣ በኋላ ክሮም ራሱ ጣለው። ሊት ከዚያ ተምሮ በጸደቀው ደንብ ላይ የቆመ ስስ ሽፋን ሆነ፤ ነገ ቢቀር ታጉን በተራ ጃቫስክሪፕት መልሶ መጻፍ አያዳግትም።

ብዙዎችን የሚያደናቅፈው ግን ፎርሙ ነው። ሻዶው ዶም (ታጉ ከገጹ የሚለይበት የራሱ ጓዳ) ውስጥ የተደበቀ ሳጥን ውጭ ካለው ፎርም ጋር አብሮ አይላክም፤ ተጠቃሚው ቀኑን መርጦ «ላክ» ይላል፣ ሰርቨሩ ባዶ ይቀበላል። መፍትሔው ታጉ ዋጋውን ለፎርሙ የሚያስረክብበት ኤለመንት ኢንተርናልስ ነው፤ ሳፋሪ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲቀበለው በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ተሟላ። ስለዚህ የማንንም መምረጫ ከመውሰድ በፊት ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መርጦ መላክ ነው፤ ሰርቨሩ ጋ 2023-09-11 ካልደረሰ ሌላ ይፈለግ።