የቦዶው ሰው ግንባር

ከፒያሳ የራስ መኰንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ አምስት ኪሎ የሚወጣ ሰው ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛል። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ለሉሲ ነው፤ የቦዶ ራስ ቅል ያን ያህል ጠያቂ የለውም፤ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1976 አፋር ውስጥ፣ በመካከለኛው አዋሽ የተገኘው ይህ ቅል 600 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ፊቱ ግዙፍ፣ የቅንድቡ አጥንት ወፍራም ነው። ከቅንድቡ ኋላ ያለው ባዶ ክፍልም፣ የግንባር ሳይነስ የሚባለው፣ ከእኛ እጅግ የሰፋ ነው።

ትዝ የሚለን ሲያመን ብቻ ቢሆንም ይህ ክፍል እኛም ዘንድ አለ። ሲወለዱ ገና አልተሠራም፤ ከአፍንጫ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ግንባር ይወጣል፣ እስከ 20 ዓመት አካባቢም ያድጋል። ቅርጹ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ማንነት ይለዩበታል። ጭራሽ የሌላቸው ጤነኞችም አሉ።

ይህ ክፍል ከመንጋጋ እድገት ጋር ይያያዛል ይባላል፤ ምን አገናኘው? የግንባር አጥንት ሁለት ገጽ አለው። የውስጠኛው አንጎልን ይከተላል፤ የአንጎል እድገት ደግሞ በ7 ዓመት ገደማ ሊያበቃ ይቃረባል። የውጭኛው ግን ከፊት ጋር ይሄዳል፤ ፊትና መንጋጋ እስከ ጉርምስና ማብቂያ ወደ ፊት ማደጋቸውን አያቆሙም። አንዱ ቆሞ ሌላው ሲገፋ መካከሉ ይሰፋል፤ ሳይነሱም ወደዚያ ይገባል። የቦዶው ሰው ፊት ከአንጎሉ ርቆ ስለወጣ ሳይነሱ ሰፊ ቦታ አገኘ።

ክፍሉ የማኘክን ኃይል ለመቋቋም የተበጀ ነው የሚሉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ጎዲኞና ኦሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ2018 የቦዶን ዘመድ፣ የዛምቢያውን የካብዌ ቅል፣ በኮምፒውተር አስነከሱት፤ ሳይነሱ ባዶም ሆነ የተሞላ፣ በፊቱ አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫና ብዙም አልተለወጠም። እኔን የሚያሳምነኝ በሁለቱ ገጾች መካከል ቦታ ስለሚፈጠር ነው የሚለው ማብራሪያ ነው።

የጥርስ አቃኚዎች ጉዳዩን የያዙት የመንጋጋን እድገት ለመተንበይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሮሶውና ባልደረቦቹ የታችኛው መንጋጋቸው ከልክ በላይ ባደገ ሰዎች ላይ ሰፋ ያለ ሳይነስ አዩ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አልተስማሙም፤ ግንኙነቱ ቢኖርም ልል ነው። ሩፍና ፓንቸርዝ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት ደግሞ ሳይነሱ በፍጥነት የሚያድገው ቁመት በኃይል ከተመዘዘ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ለትንበያ አይመችም።

እናም አንድ ሐኪም የልጅዎን የግንባር ኤክስሬይ ብቻ አይቶ መንጋጋው ሊወጣ ነው ካለዎት፣ የቁመቱን ጭማሪና የወላጆቹንም መንጋጋ እንዲያይልዎት ይጠይቁት።