ቀረጻ መሃል ድምፅ ለምን ይቆረጣል? ዘፋኙ ሳይመጣ በፊት ማየት ያለባችሁ ነገሮች

ዓለም ባንክም በሉት አየር ጤና፣ ዛሬ ስቱዲዮ ለመክፈት ትልቅ ቤት መከራየት ግድ አይደለም። አንድ ክፍል፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ማይክ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፤ በቃ። መዝሙሩም፣ ራፑም፣ ፖድካስቱም፣ የዩቲዩብ ትረካውም ከእንዲህ ዓይነት ክፍል ይወጣል።

ችግሩ የሚታወቀው ዘፋኙ ልቡን ሰጥቶ ያወጣት ያቺ ቅጂ ተከፍታ ስትደመጥ ነው። መሃል ላይ "ጠቅ" ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ግማሽ ቃል የለም።

ዘፋኝ እንኳን "ድገመው" ቢባል ይደግማል። የአያታችሁን ምርቃት ወይም የአንድ ሽማግሌ ትዝታ እየቀረጻችሁ ከሆነስ? እሱ አይደገምም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ማይኩን ነው። ሌላ ይገዛል፣ ጠቅታው ግን እንዳለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኮምፒውተሩ ነው፤ በሰዓቱ አልደረሰም።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይሄ በደንብ ይገባዋል። ቧንቧው ተከፍቷል፣ ሥሩ ጀሪካን ተቀምጧል። ጀሪካኑ ሲሞላ አንድ ሰው መጥቶ ያነሳና ባዶውን ይተካል። ሰውየው ከዘገየ ውሃው መሬት ላይ ይፈሳል። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም።

ድምፅም እንደዚያው ነው። ሳውንድ ካርዱ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን ይለካል። እያንዳንዷ ልኬት ሳምፕል ትባላለች። ሳምፕሎቹ ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ይጠራቀማሉ፤ ጀሪካናችን እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ባፈሩ በሞላ ቁጥር መጥቶ መውሰድ አለበት።

ባፈሩ 128 ሳምፕል ከሆነ የሚሞላው በ2.9 ሚሊ ሴኮንድ ነው። 512 ከሆነ በ11.6፣ 1024 ከሆነ ደግሞ በ23 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ዋይፋይ እየፈለገ ወይም አፕዴት እያወረደ ከዘገየ ያ ድምፅ ፈሰሰ ማለት ነው።

"ታዲያ ባፈሩን ትልቅ አድርጎ መገላገል ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን ዋጋ አለው። ትልቅ ጀሪካን እስኪሞላ ይቆያል፤ ዘፋኙም የራሱን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ይሰማል። ይህ መዘግየት ሌተንሲ ይባላል፤ ሲበዛ ዘፋኙን ከምቱ ያወጣዋል።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ሰቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት የተቀረጸውን ሁለቴ አድምጡ።

• ጠቅታው ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቀረጻው ላይ ችግር ነበረ።
• ቦታ ከቀያየረ ፋይሉ ደህና ነው። የተቸገረው የማጫወቱ ሥራ ነው።
• የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ከሆነ የማይኩ ጌይን በዝቷል። ይሄ ሌላ በሽታ ነው፤ ጌይኑን ቀንሱ።
• ገመዱ ሲነካ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ገመዱን ቀይሩ።
• ስልክ ሊጠራ ሲል "ድድድ ድድድ" የሚል ድምፅ ከገባ ስልኩን ከማይኩና ከገመዱ አርቁት።

ቀረጻው ላይ ድምፅ ጠፍቶ ከሆነ ወደ መፍትሔው እንሂድ።

መፍትሔው በቅደም ተከተል

1. ባፈሩን ከፍ አድርጉ። ስትቀርጹ 512 ወይም 1024 አድርጉት። ዘፋኙ እንዳይዘገይበት ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ተጠቀሙ። ድምፁ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ሄድፎኑ ላይ ይደርሳል። ይህን ካደረጋችሁ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሞኒተር አጥፉት፣ አለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰማል።

2. ቻርጀሩን ሰኩ። ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ባይዘጋም፣ ቀረጻው የሚቆራረጠው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የኃይል ሰቲንጉን ገብታችሁ ለባትሪውም ለቻርጀሩም ሃይ ፐርፎርማንስ ወይም ቤስት ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡ።

3. ዋይፋይና ብሉቱዝ አጥፉ። ቀላሉ መንገድ ኤርፕሌን ሞድ ነው። ቴሌግራሙን፣ ክሮሙን፣ አፕዴቱን ዝጉ። አንዳንዴ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ድራይቨሩ ኮምፒውተሩን ይይዘዋል። ሌተንሲሞን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እያዘገየ እንደሆነ ስሙን አውጥቶ ያሳያችኋል።

4. ሳውንድ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ሰኩት። ፍላሽ፣ ማውስና ሃርድ ዲስክ የተደረደሩበት ሃብ ላይ አትሰኩት።

5. ድራይቨሩን አስተካክሉ። ዊንዶውስ ላይ የሳውንድ ካርዱ አምራች ያወጣውን ኤሲዮ ድራይቨር ጫኑ። ከሌለው ኤሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነፃ ድራይቨር ሞክሩ። ማክ ላይ ይሄ ጣጣ የለም፤ ኮር ኦዲዮ አብሮት ይመጣል።

6. ቁጥሩ አንድ ይሁን። ሳውንድ ካርዱ 48,000፣ ፕሮጀክቱ 44,100 ከሆነ አይግባቡም። ለዘፈን 44,100፣ ለቪዲዮ 48,000 ብላችሁ ሁለቱንም እኩል አድርጉ። ጠቅታው በየተወሰነ ሴኮንድ እኩል እየቆየ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ ማይክ እየቀረጻችሁ በላፕቶፑ ስፒከር እያዳመጣችሁ እንዳይሆን እዩ። ሁለቱ ዕቃዎች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ቀስ በቀስ ይለያያሉ።

7. ፍላሽ ላይ በቀጥታ አትቅረጹ። ዲስኩ ላይም ባዶ ቦታ ይኑር። አንድ ማይክ በ24 ቢትና በ48,000 ሲቀረጽ በሰዓት 518 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል።

ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። አንዱን ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። አለበለዚያ የቱ እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ከተበላሸ በኋላስ?

በኦዳሲቲ ለምትቀርጹ፦ ፕሮግራሙ ድምፅ መጥፋቱን ካወቀ ቦታውን በዝምታ ይሞላና ምልክት ያደርግላችኋል። ሪፔር የሚለው መሣሪያም ትንሽ ጠቅታ ይጠግናል። ግን አቅሙ እስከ 128 ሳምፕል፣ ማለትም 3 ሚሊ ሴኮንድ እንኳን የማይሞላ ነው። የጠፋ ቃል አይመልስም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ቀድሞ መሞከር ነው። እንግዳው ሳይደርስ አሥር ደቂቃ የሙከራ ቀረጻ አድርጉ፤ እስከ መጨረሻውም አድምጡት። የማይደገም ነገር ከሆነ ደግሞ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ በሪከርደር አጠገቡ አስቀምጡ። ጥራቱ እንደ ማይኩ አይሆንም። ላፕቶፑ የአያታችሁን ምርቃት መሃል ላይ ቢቆርጠው ግን እሱ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ሁሉን ሞክራችሁ እንቢ ካላችሁ የላፕቶፑንና የሳውንድ ካርዱን ዓይነት ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ አብረን እናየዋለን።