የውጫሌዋ ግስ

ከአውሮፓ የመጡት መልሶች ሲነበቡ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ዓፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ደፍተው፣ እንደ ነገሥታት ወግ የንግሣቸውን ዜና ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በትሕትና መለሱ፤ ግን የደብዳቤውንና የመልሱን ግልባጭ ለጣልያን መንግሥት እንደሚያስተላልፉ አከሉ። ከበርሊን የመጣውም ቃል ከዚህ አልራቀም። ምኒልክ የጻፉት በቀጥታ ነበር። ታዲያ ጣልያንን መሀል ያስገባው ማን ነው?

ፍንጩ ወሎ ውስጥ ነበር። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ የገባ መንገደኛ፣ ፊቱን ወደ ወልድያ ቢያዞር አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ያገኛታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ እዚያ ሰፍረው ሳለ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር ተፈራረሙ። ዓፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም፤ ምኒልክ ወዳጅም መሣሪያም የሚሹበት ጊዜ ነበር። ወረቀቱ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተባለ፤ 20 አንቀጾች ነበሩት። መዘዙ የተደበቀው ግን በ17ኛው ውስጥ ነበር።

አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ሁሉ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ሲሹ ይልካሉ፣ ካልሹ ይተዉታል። ጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» የሚል ግስ ይዞ ነበር፦ በጣልያን በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል። ሮም ይህን ቃል ወስዳ ግዴታ አደረገችው። ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በጥቅምት መግቢያ፣ ምኒልክ ዘውድ ከመድፋታቸው ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ኢትዮጵያ በጣልያን ጥበቃ ሥር እንደ ገባች ለኃያላኑ አስታውቆ ኖሯል። የሚገርመው፣ የምኒልክ መልእክተኛ ደጃዝማች መኮንን በዚያው ሰሞን እዚያው ጣልያን ነበሩ።

ያቺ የደስታ ደብዳቤ በቀጥታ ባትላክ ኖሮ ምስጢሩ ስንት ጊዜ ተሸፍኖ ይቆይ እንደነበር ማን ያውቃል?

አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ፤ ጣት የቀሰረባቸውም አልጠፋም። ይሁን እንጂ አንቶኔሊ ሸዋን ለዓመታት የለመደ፣ ከቤተ መንግሥቱም ጋር የተቀራረበ ሰው ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በአስተርጓሚ ጫንቃ ላይ መጫን ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም።

ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፤ በጣልያን በኩል መላላክን በወዳጅነት እንጂ በግዴታ እንዳልተቀበሉ አስረዱ። በታኅሣሥ አንቶኔሊ ራሱ ተመልሶ መጣ። እቴጌ ጣይቱ አንዲት ስንዝር አልለቀቁም። ሳምንታት በክርክር አለፉ፤ አንዱ የሚያቀርበውን ቃል ሌላው ይጥላል። በጥር መጨረሻ ግን ስምምነት የተገኘ መሰለ፤ አንቶኔሊ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ ፈረመ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ወረቀቱን ሲያስተረጉመው ደሙ ፈላ። አንቀጽ 17 ጸንቷል ብሎ የፈረመበት ወረቀት፣ አንቀጽ 17 ተሰርዟል ይል ነበር! ባላነበበው ቋንቋ መፈረም ምን ማለት እንደሆነ በተራው ቀመሰው። ወረቀቱን ቀደደው ይባላል፤ ብዙም ሳይቆይ አገሩን ጥሎ ሄደ።

መውጫው የተገኘው ከዚያው ከውሉ ሆድ ነው። አንቀጽ 19 የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል እኩል የታመነ ነው ብሎ ደንግጓል፤ ስለዚህ ጣልያን የራሷን ግልባጭ ብቻ መዝዛ አማርኛውን ልትሽር አትችልም። አንቀጽ 16 ደግሞ አምስት ዓመት ሲሞላ፣ አንድ ዓመት አስቀድሞ በማስታወቅ ውሉን ለመለወጥ በር ከፍቷል። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉ እንደሚያበቃ ለኃያላኑ አስታወቁ። ከጣልያን የተበደሩትንም ገንዘብ መክፈል ያዙ።

ዳኛ ግን አልነበረም። በሄግ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት የተመሠረተው ከአድዋ በኋላ ነው። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ቢለያይ ዓላማውን አይታችሁ የሚያስታርቀውን ትርጉም ያዙ የሚለው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 33 ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. ነው የመጣው። በ2001 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ጀርመን አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ የውጫሌን የምትመስል ግስ ገጠመችው። ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም? የመተዳደሪያው የፈረንሳይኛ ቃል ግዴታን ያሰማል፣ እንግሊዝኛው ይለሳለሳል። ዳኞቹ የፍርድ ቤቱን ዓላማ አይተው ያስገድዳል አሉ። በዚያው ሚዛን ውጫሌ ቢመዘን ኖሮስ? የወዳጅነትና የንግድ ውል ሉዓላዊነትን በ17ኛ አንቀጽ ጓሮ በር አሳልፎ ይሰጣል የሚል ዳኛ ማግኘት የሚከብድ ይመስላል።

ምኒልክ ግን ዳኛ አልጠበቁም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ፤ የሸዋ ሰው በጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው ታዘዘ። የደቡብ ወሎ ደጋ በድንኳን ተሞላ። ከዚያ ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ተመመ፤ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። የውጫሌ ውል ለዘለዓለም መሰረዙን፣ የኢትዮጵያንም ፍጹም ነፃነት ተቀበለ። የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣልያንኛ አልገባበትም።